ለማን ነገርሽ?

በሩን ዝጉት። መወርወሪያውም ይግባ። አንተ በር ጋ የተቀመጥህ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በል፤ ወሬዬ ሳያልቅ መጠጋትህ አይቀርምና አሁኑኑ ተጠጋ። እሳቱን አትቆስቁሱት፣ ፍሙ ይበቃናል።

እናንተ ክፉ ነገር የሚመጣው በሌሊት ብቻ ይመስላችኋል። ሲመሽ ከብት ታስገባላችሁ፣ በር ትዘጋላችሁ፣ አማትባችሁ ትተኛላችሁ። በቀን ግን ማን ያማትባል? ማንም። እኔ የማወራላችሁ የቀትር ነገር ነው። ሰው የራሱን ጥላ ረግጦ የሚቆምበትን፣ ወፍ ሳይቀር ዝም የሚልበትን ሰዓት ታውቁታላችሁ? ነሐሴ ላይ ደግሞ ፀሐይዋም የለችም፤ ጉም ነው። ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል። ከመንደሩ ወደ ወንዙ የምትወርድ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቁልቋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁ ዘመድ ያለው አይጠፋም፣ ጠብ ይሆናል።

በዚያ መንደር ጠጂቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አራጋው ይባላል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ስሟ ታንጉት። ነበረቻቸው ነው ያልሁት፤ ልብ በሉ።

ሻደይን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን፣ ልጃገረዶቹ ረጅሙን ለምለም ሣር አጭደው ወገባቸው ላይ ያስሩና ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ። ሰው ቅቤም ይሰጣል፣ እህልም ይሰጣል፣ ያለውን ይሰጣል። በዚያ ሳምንት ልጃገረድን ውኃ ቅጂ የሚላት የለም፣ ፍጪ የሚላት የለም። ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ያጎበጠው እንስራ ጥግ ይቀመጣል። እናት ራሷ ወንዝ ትወርዳለች፤ አባት ራሱ ጥጃ ያስራል፣ እያጉረመረመም ቢሆን ያስራል። ሳምንቱ የእነሱ ነው። ማንም አይነካቸውም። ሽፍታ እንኳ መንገድ ይለቅላቸው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሁለት ቡድን መንገድ ላይ ከተገናኘ በዘፈን ይገጣጠማል፤ የተሸነፈው አፍሮ ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የሚሄድበትን መንገድ ይደብቃል። የምታውቀው መሪዋ ብቻ ናት። ግን የሚዘፍን ሰው ምሳ መብላት አለበት፣ አይደለም? በየቀኑ የአንዷ ቤት ምሳ ያደርሳል። መሪዋ ለተረኛዋ ልጅ ትነግራታለች፤ ልጅቷም ጠዋት እናቷን ትጠጋና ቡድኑ ቀትር ላይ የት እንደሚያርፍ በጆሮዋ ትነግራታለች። ለእናቷ ብቻ።

ያን ዓመት መሪዋ ደብሪቱ ነበረች፤ የታንጉት የልብ ጓደኛ፣ ድምፀ መረዋ። በአራተኛው ቀን ተራው የጠጂቱ ቤት ሆነ። ጠዋት ታንጉት እናቷን አንገቷን አቀፈቻትና በጆሮዋ፣ «እምዬ፣ ከመሻገሪያው በላይ፣ ሾላው ሥር» አለቻት። ከዚያ ሣሩን እያንሿሿች እየሮጠች ወጣች። ጠጂቱ አነባበሮውን በቅቤ አርሳ፣ አይቡን ጨምራ፣ አገልግሉን ከደነችው።

ቀትር ላይ ከወንዝ ማዶ ሰዎች መጡ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ታንጉት እምቢ ያለችው ባለጠጋ ሰው ነበር፤ እሱ ነው ዘመዶቹን አስከትሎ የመጣው። ሾላው ሥር አድፍጠው ጠበቋቸው። ልጆቹ ሲበታተኑ ታንጉትን ይዘው ወደ መሻገሪያው ገቡ። ወንዙ መሐል ሲደርሱ ታንጉት ከእጃቸው አመለጠች። ከሰው እጅ አመለጠች፤ ከወንዙ ግን ማን ያምልጥ? ነሐሴ ነው። ጠጂቱ አገልግሏን ተሸክማ ስትደርስ ልጆቹ ዳር ቆመው ይጮኻሉ፣ ውኃው ይሄዳል። ሬሳዋም አልተገኘም።

እንግዲህ ሰው ይጠይቃል። መንገዱን ለእነዚያ ሰዎች ማን ነገራቸው? እናንተስ ማን ትላላችሁ? መሪዋ ታውቃለች። እናቷ ታውቃለች። እናት ልጇን አሳልፋ አትሰጥም። ታዲያ ማን ቀረ? አያችሁ፣ እናንተም ደብሪቱ አላችሁ። መንደሩም እንዲሁ አለ።

ጠጂቱ ለቅሶው ሳያልፍ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆማ ሰው ሁሉ እየሰማ ደብሪቱን ረገመቻት። «እጅሽ ሣር አይሰር፣ ደጅሽን ዘፈን አይርገጠው» አለች። ደብሪቱ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር ውኃ የሚቀዳ ጠፋ። ያጫትም ሰው ቀረ። አባቷ የሚመጣው ዓመት ሻደይ ሲያልፍ ወደ ሩቅ አገር ወስዶ ለአክስቷ ሊሰጣት ቆረጠ፤ ልጅቷ እህል አልቀምስ ብላ ልትሞትበት ነበርና። አራጋውም ማታ ማታ እራቱን እየበላ፣ «እሷ ናት። ሌላ ማን ሊሆን» ይላል። ይህን ያዙልኝ። እየበላ ነው የሚለው።

ዓመቱ ዞረ። ሻደይ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን የልጆች ቡድን ጠጂቱ ግቢ ገባ። ሐዘንተኛ ናት ብለው ሊያልፏት ነበር፣ «ግቡ» አለቻቸው። ስድስት ነበሩ። ቆመው ዘፈኑላት፣ ቅቤ ሰጠቻቸው፣ ሄዱ። እሷ ግን በሩን ይዛ ቀረች። ስድስት አፍ አይታለች። የሰማችው ሰባት ድምፅ ነው። «ሐዘን ጆሮ ያበላሻል» አለችና ገባች።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ብቻዋን ነበረች። አራጋው አረም ላይ ነው። ጉሙ እስከ ደጃፉ መጥቷል። ከበሮ ሰማች። ሩቅ አይደለም፤ ከጥጆቹ ጋጥ ጀርባ ነው። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ብቅ ስትል ዝም አለ። ማንም የለም። የበሩ ደፍ ላይ አንድ የሻደይ ሣር ወድቋል። አነሣችው። ውኃ ይንጠባጠባል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ የወንዝ ጭቃ ይሸታል።

ለባሏ ነገረችው? አልነገረችውም። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን እንስራ አዝላ ወደ ወንዝ ወረደች። ያችን ቀጭን መንገድ ነግሬያችኋለሁ፤ ሁለት ሰው አታሳልፍም። በጉሙ ውስጥ ስትሄድ ከጎኗ ሌላ ሰው ይሄዳል። በየት በኩል? በገደሉ በኩል። መርገጫ በሌለበት። የእግር ኮቴ የለውም፣ የሣር ድምፅ ብቻ፣ ሿ፣ ሿ፣ ሿ። ስትቆም ይቆማል። ስትሄድ ይሄዳል። ጠጂቱ ዞራ አላየችም። ያን ጊዜ በጆሮዋ፣ ልክ በጆሮዋ፣ እንዲህ አላት።

«እምዬ፣ ለማን ነገርሽ?»

እንስራው ወደቀ። ጠጂቱ እየሮጠች ቤቷ ገባች።

እናንተ ብትሆኑ በአራተኛው ቀን ምን ታደርጉ ነበር? ቤት ዘግታችሁ ትቀመጡ ነበር። አልፈርድባችሁም። እናት ግን ሌላ ናት። በአራተኛው ቀን ጠጂቱ አገልግሉን ከተሰቀለበት አወረደች። አነባበሮውን በቅቤ አራሰች፣ አይቡን ጨመረች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወረደች።

ሾላው ሥር ስትደርስ ጉሙ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። አስቀድማ ዘፈን ሰማች፣ ቀስ ያለ፣ ለራሷ የምታንጎራጉር ሰው ዘፈን፤

*ምሳዬ ቀረበ በአገልግል ታስሮ፣*
*መንገዴን ማን አወጣው ከጓዳ ዘርዝሮ።*

ከዚያ ጀርባ አየች። ከዚያ ሹሩባ አየች። ውኃው በሹሩባው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ወገቧን አየች። ሣሩ አልደረቀም። አንድ ዓመት ሙሉ አልደረቀም፣ ጭራሽ አድጎ፣ ሥር አውጥቶ፣ እግሯን አልፎ መሬት ለመሬት ወደ ወንዙ ይሳባል። ፊቷን አላዞረችም። ጠጂቱም ዙሪ አላለቻትም። ያሳደገችው ጀርባ ነው፤ ታውቀዋለች።

«ታንጉቴ» አለች። «ምሳሽን አመጣሁ።»

«ዘገየሽ» አለች ታንጉት።

«ዘገየሁ፣ ልጄ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም አልነገርሁ። ምን ሆኜ ለሰው እነግራለሁ? መንገዱን ያወጣችው ደብሪቱ ናት።»

«ደብሪቱ እጄን ይዛ ነበር። ክንዷ እስኪወልቅ ይዛኝ ነበር። እምዬ፣ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለማን ነገርሽ?»

ጠጂቱ አፏን ከፈተች። ለማንም ልትል ነበር። አላለችም።

እናንተ ታውቃላችሁ? እስቲ በሉ። ገብቷችኋል አይደለም? እሷ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልገባትም። ሞኝ ስለሆነች አይደለም። ሰው ለራሱ የተናገረውን ነገርሁ ብሎ አይቆጥርም። ያን ለት ጠዋት አገልግሉን ስትከድን አራጋው ምድጃው ጋ ተቀምጦ እግሩን ያሞቅ ነበር። «ወዴት ልታደርሺ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «መሻገሪያው ጋ፣ ሾላው ሥር» አለችው። አለቀ። ሃያ ዓመት አብራው የኖረችው ባሏ ነው። ለእሱ መንገር ለራሷ እንደ መንገር ነበር፤ ስለዚህ ከማንም ጋር አልቆጠረችውም።

ሌላም ነገር አስታወሰች። ያን ለት ልትወጣ ስትል አራጋው ከደጅ ተጣርቶ፣ «ጥጃው ጎመኑ ውስጥ ገብቷል፣ አባሪው» ብሏት ነበር። ጓሮውን ዞረች፣ ጥጃ የለም። አጥር ለአጥር ስትፈልግ ቆየች። በመጨረሻ ጥጃውን ያገኘችው ጋጡ ውስጥ ታስሮ ነው። ዘገየች። አራጋው ደግሞ ሾላውን እንደ ነገረችው ወዲያው ወደ ወንዙ ወርዶ ተመልሶ ነበር፤ ማዶ ላለ ሰው ከዳር ሆኖ መናገር ይቻላል።

ጠጂቱ እዚያው ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እንዲህ ያለውን ነገር እንባ አይደርስበትም። ሽማግሌዎቹ በመጡ ጊዜ አራጋው ልጁን ለዚያ ሰው ሊሰጥ ፈልጎ ነበር። «ታንጉት ካልወደደች አይሆንም» ብላ የቆመችው እሷ ናት። እሱም መስቀል ስሞ፣ «ትቼዋለሁ፣ የሷን ልብ አልነካም» ብሎ ማለላት። አመነችው። አምናው ከጎኑ ተኛች፣ አምናው እራት አቀረበችለት። ጠላት ቢያደርገው ትረግመው ነበር። ይህን ግን ምን ትለዋለች?

ቀና ስትል ታንጉት የለችም። ሣሩ ብቻ ወደ ውኃው እየተሳበ ገባ።

ጠጂቱ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ደብሪቱ ቤት ገባች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፣ አጥንቷ ወጥቷል። አባቷ ሊያስወጣት ተነሣ። ጠጂቱ አልፋው ገብታ ከመደቡ ሥር ተንበረከከች።

«ደብሪቱ፣ ልጄ፣ በሐሰት ነው የረገምሁሽ።»

«ይተዉኝ እትዬ» አለች ደብሪቱ።

«አልተውሽም። አፌ ያሰረውን እጄ ይፍታው።»

ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ሣር አጭዳ መጣች። ልጅቷን ደግፋ አስነሥታ፣ በገዛ እጇ ወገቧ ላይ አሰረችላት። ከዚያ አገልግሉን ከፍታ፣ ለታንጉት የወሰደችውን ምሳ በጉርሻ አበላቻት። ደብሪቱ አንድ ጎረሰች፣ ሁለት ጎረሰች፣ ከዚያ በጉርሻው ላይ ማልቀስ ጀመረች። የዓመት እንባ ነው፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ማታ ቤት ተመልሳ ለአራጋው እራቱን አቀረበችለት። ጠጂቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ልቧ የቀረችውን ትንሽ ተስፋ ይዞ ነበርና።

«ያን ለት» አለችው፣ «ጥጃው ጎመኑን ብዙ በላብን?»

«የትኛው ጥጃ?» አለ አራጋው፣ እያኘከ።

ሰማችሁ? ውሸቱን ረስቶታል። እሷ አንድ ዓመት የተቃጠለችበትን እሱ ረስቶት እያኘከ ነው። ያቺ ትንሽ ተስፋም ያን ጊዜ ጠፋች። ጠጂቱ ውኃ አቀረበችለት፣ እጁን ታጠበ፣ ተኙ።

በማግስቱ፣ በአምስተኛው ቀን፣ አመሻሽ ላይ አራጋው በትሩን እየጠረበ፣ «ነገ ማዶ ልሻገር ነው» አላት።

«ምን አለ ማዶ?»

«በሬ ሊያውሰኝ የፈቀደ ሰው አለ። ለዘር እንዲደርስልኝ ነው።»

«ማን ነው ሰውዬው?»

«ሰው ነዋ። ምን ያደርግልሻል?» አለና አንገቱን ደፋ። በዚያ አገር ጥማድ በሬ የሚያውስ ባለጠጋ አንድ ነው። እሷም ታውቃለች፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

«መቼ ነው የሚሻገሩት?»

«በቀትር ነዋ። ጠዋት የሌሊቱ ሙላት አይወርድም፣ ማታ አዲሱ ይመጣል።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

ነገራት። የሰዓቱንም የቦታውንም ነገራት። ለሚስቱ ነው፤ ለራሱ እንደ መንገር ነው።

ጠጂቱ የግቢውን በር ልትዘጋ ወጣች። ጉሙ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ከአጥሩ ማዶ ሿ፣ ሿ ይላል። እጇ በሩ ላይ ብዙ ቆየ። መመለስ ትችል ነበር፣ ይህን ደግሞ ላልደብቃችሁ። አልተመለሰችም። አጥሩን ተጠጋችና፣ ልጅ ለእናቷ በጆሮ እንደምትነግረው፣ በቀስታ ነገረች።

«ነገ በቀትር። በመሻገሪያው። ብቻውን ነው።»

የሣሩ ድምፅ ቁልቁል ሄደ።

በማግስቱ ልጃገረዶቹ በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ነበሩ። ደብሪቱ ጉንጯ እንደ ተጎደጎደ ከበሮውን ይዛ ትመራለች። እናቶቹ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ጠጂቱም አለች። ቀትር ሆነ። ከታች፣ ከወንዙ፣ በጉሙ ውስጥ ዘፈን ተሰማ። ደብሪቱ ከበሮውን አቆመች። ልጆቹን ቆጠረች። አንድም የጎደለ የለም። ታዲያ ማን ነው የሚዘፍነው?

አንዲት ልጅ ታወጣለች። ድምጿን ሁሉም ያውቁታል፣ ስሟን ግን ማንም አይጠራም። የሚቀበላት ደግሞ ወንድ ነው። ሻደይን ወንድ ሲቀበል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጎርናና ድምፅ ነው። ትንፋሽ አጥሮታል። ውኃ ይገባበታል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይቀበላል። ልጅቷ አላቆመችለትም። ታወጣለች፣ ይቀበላል። ታወጣለች፣ ይቀበላል። ወንዶቹ ሮጠው ሲወርዱ ያገኙት አዲስ የተጠረበ በትር ብቻ ነው፣ ዳር ላይ። ድምፁ ግን ከውኃው መሐል አሁንም ይቀበላል።

ሜዳው ላይ ደብሪቱ ሮጣ ጠጂቱን ያዘቻት። «እትዬ፣ ማን ነው የሚቀበላት?»

«አባቷ ነው» አለች ጠጂቱ። «የት እንደምታገኘው እኔ ነኝ የነገርኋት።»

እንግዲህ የሰማሁትን ነገርኋችሁ። ሌላው ተራኪ በዚህ ጊዜ ብቻችሁን አትሂዱ ብሎ ይመክራል። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ሰው ብቻውን መሄዱ ሳይሆን መንገሩ ነው። አንተ፣ እዚያ ጥግ ነጠላህን የተከናነብኸው፣ ቅድም ስትገባ ነገ በቀትር ብቻዬን ወንዝ እወርዳለሁ ስትል ሰማሁህ። እኔም ሰማሁ፣ እነዚህም ሰሙ።

ከደጅ የቆመችውስ?